ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ

ግርሻ የተባለው ትኩሳት ስሙን ያገኘው ከጠባዩ ነው። በሽተኛው ጥቂት ቀን በብርድ፥ በራስ ምታትና በቁርጥማት ሲሠቃይ ሰንብቶ ድንገት ላብ ያጠምቀውና ይበርድለታል፤ ቤተ ሰቡም «እግዚአብሔር ማረልን» ብሎ ያመሰግናል። ሆኖም መድኃኒት ካላገኘ ከሳምንት ገደማ በኋላ ሕመሙ ይመለሳል። በዚያ የዕረፍት ሰሞን ደሙ ቢመረመር ተሐዋሲው በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ምርመራው ትኩሳቱ ሳይበርድ ቢሆን ይመረጣል።

የዚህ ተሐዋሲ ዘመድ በታንዛንያ የሚተላለፈው በቤት ወለልና ግድግዳ ስንጥቅ በሚኖር መዥገር ነው፤ በአገራችን ግን ዋናዋ አመላላሽ የልብስ ቅማል ናት። ያችው ቅማል ተስቦንም ስለምታስተላልፍ ሁለቱ ደዌያት አንዱን ሰው በአንድነት ሊይዙት ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔኒሲሊን ግርሻን ሲያድን ተስቦን አይነካም፤ ቴትራሳይክሊን ግን ለሁለቱም ይሆናል። እንግዲህ መርፌ ተወግቶ በሁለተኛው በሦስተኛውም ቀን ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው «መድኃኒቱ ይሥራ፥ እንጠብቅ» ተብሎ ሊተው አይገባም፤ ወደ ሐኪሙ ይመለስ።

መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚነሣው ብርቱ መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነው። ይህ ተሐዋስያኑ በብዛት ሲሞቱ የሚመጣ ነው፤ አንዳንዴም ለሕይወት የሚያሰጋ ስለ ሆነ በሽተኛው ያን ሌሊት ሐኪም ቤት እንዲያድር እንመክራለን።

ከዳነ በኋላም ድካሙ ይሰነብታል። መምህራን ከዚህ ደዌ የተነሣውን ተማሪ በስንፍና እንዳይወቅሱት እንለምናለን። የልጁ ልብስና ጋቢ፥ ከነስፌቱ፥ እርሱ ወደ ቤት ሳይመለስ በፈላ ውኃ ይቀቀል። ቅማሏም በጥፍር አትጨፍለቅ፤ የግርሻ ተሐዋሲ ከእርሷ የሚወጣው ስትጨፈለቅ ነው።