አጥር የሌለው ሀብት በምን ይጠበቃል?

ሀብት ያለው ሰው ሀብቱን ሊጠብቅ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስበው ግንብ መገንባትና በር መዝጋት ነው። ነገር ግን ግንብ የማይከበው ሀብት አለ፤ የመንዝ አባቶችም ይህን ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። የጓሳ ሜዳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ደጋ ነው፤ ሣሩም ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆን ስለ ሆነ ያገሩ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። ይህን የሚያህል ሜዳ በእሾህ ማጠር እንደማይቻል ባዩ ጊዜ አባቶች በሥርዓት አጠሩት። ይኸውም ተጠቃሚው ከአስቦና ከጌራ ወገን መሆኑ ይታወቅ ነበረ፤ ከየወገኑ በተመረጠው አለቃ ሥር ሕዝቡ ራሱ ይጠብቀው ነበረ፤ ሜዳውም አንዳንድ ጊዜ ለዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በተነገረው ጊዜ ብቻ ይከፈት ነበረ። እንግዲህ የመጣው ማን ነው? ምን ሊያደርግ መጣ? ጊዜውስ ደርሷልን? እነዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች የሜዳው ቅጥር ነበሩ።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት የመሥሪያ ቤቶቻችንም መዝገብ እንደ ጓሳ ሜዳ ከቅጥር ወደሚወጣበት ዘመን በመድረሳችን ነው። ቀድሞ ሰርቨር የሚባለው ኮምፒውተር በአንድ ሕንፃ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ በበሩ አንድ ጊዜ ያለፈም ሁሉ እንደ ቤተ ሰው ይታመን ነበር። ኤጅ ኮምፒውቲንግ የሚባለው አሠራር ግን ስሌቱን ከማዕከል አንሥቶ ለተጠቃሚው ቅርብ ወደ ሆነው ዳርቻ ይወስደዋል። ሰርቨርለስ በሚባለው ደግሞ ባለ ሥራው ሰርቨር ማስተዳደር ሳያስፈልገው አጭር ፕሮግራም ብቻ ጽፎ ያስረክባል፤ ፕሮግራሙም ጥያቄ ሲመጣ ይነሣል፣ ሥራውን በቅጽበት ይፈጽማል፣ ወዲያውም ያርፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አማዞን በ2014 ላምዳ፣ ክላውድፍሌርም በ2017 ዎርከርስ በሚል ስም ይህን ለዓለም አቅርበዋል።

ለመሐል ሜዳ፣ ለራቤልና ለዓለም ከተማ፣ ገደልና ወንዝ ለሚለያቸው ወረዳዎች ሁሉ፣ እንዲህ ያለው አሠራር ቢዘረጋ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የጤና ጣቢያው ጥያቄ ሁሉ አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ አይጠበቅም። ነገር ግን ለቅጽበት ብቻ የሚኖረውን ሠራተኛ ማን ያውቀዋል? ግንቡ ከሌለ በረኛው የት ይቁም?

የዚህ ሙያ ሊቃውንት የሰጡት መልስ ከጓሳው ሥርዓት የራቀ አይደለም። በረኛው ከያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይቁም፤ ስፍራን ሳይሆን ማንነትን ይመርምር ይላሉ። የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋምም ይህንኑ ሐሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መምሪያ አስፍሮታል። በዚህ መሠረት እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ መታወቂያ ይኖረዋል፤ ለሥራው የሚበቃው ፈቃድ ብቻ ይሰጠዋል፤ ፈቃዱም ቀን የተቆረጠለት ነው፤ የሠራውም ሁሉ ይመዘገባል።

መታወቅና መፈቀድ ግን ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። ማኅተም ያዡ የታወቀ ሰው ስለ ሆነ የገንዘብ ቤቱ ቁልፍ አይሰጠውም። ካፒታል ዋን የተባለው የአሜሪካ ባንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የደረሰበት ጉዳት ለዚህ ምስክር ነው። ባንኩን እንዲጠብቅ የተሠራው ፕሮግራም ከሚገባው በላይ ሥልጣን ስለ ነበረው፣ እርሱን ያታለለ እጅ በርሱ ስም ገብቶ ወደ 106 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎችን መረጃ ወሰደ። ጠባቂው መታወቂያ አልጎደለውም፤ የጎደለው የሥልጣኑ ልክ ነበረ።

በአገራችን የማንነቱ መሠረት ተጥሏል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው የፋይዳ መታወቂያ የዐሥር ጣቶችን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖችን ምልክትና የፊትን ሥዕል ወስዶ ለሰው 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የግል መረጃን ጥበቃ ደንግጓል። ነገር ግን ፋይዳ ሰውየው ማን እንደ ሆነ ይነግራል እንጂ ምን እንዲሠራ እንደ ተፈቀደለት አይነግርም። ይህን መወሰን የያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ዕዳ ነው።

በደጋው ዘንድ ሁለት ነገሮች ይልቁንም ይታሰቡ። ፊተኛው የመስመር መቋረጥ ነው። ከሥራው የተሰናበተ ሰው ፈቃዱ በማዕከል ቢሻር፣ መስመር በተቋረጠበት ዳርቻ ግን ሽረቱ ሳይሰማ ይቀራል። ፈቃዱ አጭር ዕድሜ ቢኖረው ራሱ ይሞታል፤ እጅግ ቢያጥር ደግሞ መስመሩ እስኪመለስ በሽተኛው ሳይታከም ይቀመጣል። ስለዚህ ለማየት የሚሰጠው ፈቃድ ረዘም፣ መዝገብን ለመለወጥ የሚሰጠው እጅግ ያጠረ ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛው የፍትሕ ነገር ነው። ዘመኑን ሁሉ ዕርፍ የጨበጠ ገበሬ አሻራው ሊደበዝዝ ይችላል፤ መሣሪያው አላወቀውም ተብሎ ከመብቱ እንዳይወጣ በዓይኑ ወይም በፊቱ የሚታወቅበት ሌላ መንገድ ይዘጋጅለት። የጓሳው ሥርዓት ከነዚያ ወገኖች ያልተወለደውን በውጭ ያቆም ነበረ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቀድሞው ርስት ሲሻር ሥርዓቱም አብሮ ተሻረ፤ ሜዳው ተደፈረ፤ በኋላም ነዋሪዎቹ በኮሚቴ ተሰብስበው ጥበቃውን እንደገና አቆሙ። ከዚህም ሁለት ትምህርት ይገኛል፤ ያለ ፍትሕ የቆመ ጥበቃ አይጸናም፤ ጥበቃው የፈረሰበትም ሀብት አይሰነብትም።

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት የሚፈርም ሹም፣ ዋጋውንና ፍጥነቱን ከመጠየቁ በፊት የጓሳን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቅ። ማን? ምን? እስከ መቼ? መልስ ካጣ ብዕሩን ያቁም፤ የሚጠበቀው መዝገብ የሕዝብ አደራ ነውና።