እግረኛና ሳይክል የሚጋሩት የሸለቆ መንገድ

አውቱ ጅማን በመሐል አቋርጦ ይወርዳል፤ ኪቶ በዳር በኩል ጨፌውን እያረጠበ ይጓዛል። ሁለቱም ውሃቸውን በመጨረሻ ለግልገል ጊቤ ያስረክባሉ። ቦሳ ኪቶ በዚህ ውሃ በበዛበት አገር ላይ የምትገኝ የጅማ ቀበሌ ናት። ቤቱ አልቆ ረግረጉ በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ጡብ ሠሪዎች ሸክላ ይቆፍራሉ፣ ባሕር ዛፍ ተደርድሮ ይታያል፣ ከብት ይግጣል። በዚህ ሁሉ መሐል ማንም መሐንዲስ ያልነደፈው፣ ግን ሁሉም የሚሄድበት ቀጭን መንገድ ይጠማዘዛል። ተማሪው በእግሩ፣ ባለ ጉዳዩ በሳይክሉ፣ እረኛው ከነከብቱ ይመላለስበታል።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት የዚህ ዓይነቱን መንገድ ነው። ሞተር የማይገባበት፣ ውሃ የሚከተል፣ እግረኛና ሳይክል ሳይጣሉ የሚጋሩት፣ እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው ያለ ስጋት የሚወጡበት የሸለቆ መንገድ። በሌላው ዓለም ይህ ራሱን የቻለ የምሕንድስና ዘርፍ ሆኗል። እኛ ዘንድ ግን ነገሩ በተግባር ሳይሆን በስም ብቻ ነው አዲስ የሚሆነው።

መንገዱ ሸለቆን የሚመርጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ወንዝ በብዙ ሺህ ዓመታት ጉዞው ከተራራው ላይ ለዘብ ያለውን ቁልቁለት ፈልጎ ያገኛል፤ መንገድ ቀያሽ ይህን ፈለግ ሲከተል ሥራው ይቀልለታል። ለቤተሰብ የሚሆን የሳይክል መንገድ በ100 ሜትር ርቀት ከ5 ሜትር በላይ ባይወጣ ይመረጣል። ከ8 ሜትር ካለፈ ልጅ ወርዶ መግፋት ይጀምራል፤ ሲመለስ ደግሞ ፍሬኑ አይበቃውም። ከጅማ ወደ ጅሬን፣ የንጉሥ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ በጉልበቱ ያውቀዋል። በአውቱና በኪቶ ዳር የሚሄድ ግን የስድስት ዓመት ልጅም ሊጓዘው በሚችለው ሜዳ ላይ ነው።

ሸለቆ ሁሉ ለቤተሰብ ይሆናል ማለት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ ሁሉ የጊቤን በረሃ ወርዶ ይወጣል፤ በአገራችን ካሉት ግርማ ካላቸው ሸለቆዎች አንዱ ነው። ግን ያለው መንገድ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ ልጅ በሳይክል ይዞ መግባት የማይታሰብ ነው። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት ያለው የግሌንዉድ ሸለቆም ጠባብና ገደላማ ነው፤ ትልቅ አውራ ጎዳናም ያልፍበታል። ልዩነቱ ጎዳናው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጠናቀቅ ከሥሩ፣ ከወንዙ ጎን፣ 26 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግርና የሳይክል መንገድ አብሮ መሠራቱ ነው። ከላይ መኪና ይበርራል፣ ከታች ቤተሰብ ይንሸራሸራል። የጊቤን ያህል ሸለቆ ያለው አገር ይህን ቢያስብበት አይበዛበትም እላለሁ።

ጅማ ራሷ የጋራ መንገድ ውጤት ናት። ከተማዋ በዙሪያው ያደገችበት የሂርማታ ገበያ በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932) ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ፣ ገበሬው ቡናውን ተሸክሞ፣ ባለ ፈረሱ ተቀምጦ የሚመጡት በአንድ መንገድ ነበር። ፈጣኑና ዘገምተኛው፣ የጫነውና ባዶ እጁን ያለው የሚተላለፉበት ሥርዓት ነበራቸው። ሸክም ላለው ይለቀቃል፤ ሽቅብ የሚወጣው ያልፋል፣ ቁልቁል የሚወርደው ይቆማል። ዛሬ በሌላው ዓለም የሸለቆ መንገዶች መግቢያ ላይ በሰሌዳ ተጽፎ የሚቆመው ደንብ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሳይክል በኢትዮጵያ ከምንገምተው በላይ የቆየ ነው። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሊምፒክ ለአገራችን በሳይክል ተወዳድሯል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ለተራው ቤተሰብ ግን ሳይክል የልጅ መጫወቻ ወይም የተላላኪ መገልገያ ሆኖ ነው የኖረው። ይህን መለወጥ የጀመረው በኅዳር 2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው «መንገድ ለሰው» የተባለው መርሐ ግብር ነው። ጎዳናው በወር አንድ ጊዜ ለመኪና ተዘግቶ ልጆች አስፋልት ላይ ፔዳል መምታት ሲማሩ ብዙ ወላጅ የከተማው መንገድ ለነማን እንደተሠራ መጠየቅ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የትራንስፖርት ሚኒስቴር እስከ 2029 የሚዘልቅ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ስትራቴጂ አወጣ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ በባሕር ዛፉ መሐል የእግርና የሳይክል መንገዶች ዘርግቷል። እንጦጦ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ነውና ለልጅ ሳንባ ቀላል አይደለም። ጅማ በ1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለጀማሪ ቤተሰብ አየሯም መሬቷም የሚመች ነው።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ፦ ፍጥነት። እግረኛ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ዘና ብሎ የሚነዳ ሳይክለኛ 15 ይደርሳል፤ ቁልቁለት ሲያገኝ ሳያስበው 30 ይገባል። ነጂው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በዚያች ሰከንድ 4 ሜትር፣ በ30 ደግሞ ከ8 ሜትር በላይ ተጉዟል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት የባሰ ነው፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። መሬቱ እርጥብ ከሆነ ሒሳቡ ከዚህም ይከፋል። በጠባብ መንገድ ላይ ኩርባውን ሲዞር ልጇን በእጇ የያዘች እናት ድንገት ያገኘ ነጂ ጥሩ ሰው መሆኑ ብቻውን አያድነውም። መዳኛው ከኩርባው በፊት መቀዝቀዝ ነው።

ስለ ፍሬን አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ወላጅ ልጁን በተሳሳተ መንገድ ያስተምራልና። ሳይክልን በዋናነት የሚያቆመው የፊተኛው ፍሬን ነው፤ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የፊቱ ጎማ መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። «የፊቱን አትንካ፣ ትገለበጣለህ» ተብሎ ያደገ ልጅ የኋላውን ብቻ ይይዝና ጎማው ይንሸራተትበታል። ትክክለኛው ሁለቱን አብሮ፣ ቀስ በቀስ፣ ወገብን ወደ ኋላ ስቦ መያዝ ነው። ይህን በሜዳ ላይ ደጋግሞ ሳይለማመድ ወደ ቁልቁለት የሚወሰድ ልጅ መኖር የለበትም። ወደ አሥር ዓመት እስኪጠጉ ድረስ ልጆች ወደ እነሱ የሚመጣን ነገር ፍጥነት በትክክል መገመት ስለሚያቅታቸው አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው ልጆቹን መሐል ያስገባሉ። በእግር የሚሄድ ልጅ ደግሞ ከውሃው ሳይሆን ከዳገቱ ጎን ይያዛል።

ቅድሚያን በተመለከተ በብዙ አገር የጸናው ልማድ አጭር ነው። ሳይክል ለእግረኛ ይለቅቃል፤ ሳይክልም እግረኛም ለፈረስና ለበቅሎ ይለቅቃሉ። እንስሳ የሚደነግጠው ምንነቱን ባልለየው ነገር ነውና ከበቅሎ ጋር የተገናኘ ሳይክለኛ ይወርዳል፣ በቁልቁለቱ በኩል ይቆማል፣ ድምፁን ያሰማል። በዚህ የእኛን ሰው ማንም ይቀድመዋል ብዬ አላምንም፤ ብዙ ባለ ሳይክል ከተማውን ከተላመደ በኋላ የሚረሳው ግን አለ። በጅማ ገጠር ሰው ሰላም ሳይባል አይታለፍም። «አካም ጅርቱ» ወይም «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ ከኋላ ቀድሞ መናገር ከደወል የተሻለ ሥራ ይሠራል፤ አዛውንቱ አይደነግጡም፣ ነጂውም ለመናገር ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ደወል ይኑር፤ ሰላምታው ግን አይቅር።

ከሰው ቀጥሎ መንገዱን የሚያበላሸው ውሃ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አፈሯም ቀይ ነው። ይህ አፈር ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል፣ ሲርስ ግን ጎማ ይውጣል። በጭቃ ላይ የተነዳ ሳይክል ቦይ ያወጣል፤ በቀጣዩ ዝናብ ውሃው ያንን ቦይ ተከትሎ ይወርዳል፣ ያሰፋዋል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ መንገዱ ወንዝ ይሆናል። እግረኛው ጭቃውን ሽሽት ዳር ዳሩን ሲረግጥ ደግሞ መንገዱ እየሰፋ ሣሩን ይበላል። መፍትሔው መንገዱ ወደ አንድ ጎን በጥቂቱ እንዲያዘነብል አድርጎ ውሃው እዚያው ተሻግሮ እንዲሄድ ማድረግ፣ ቁልቁል በሚወርድበት ቦታ ድንጋይ ወይም ግንድ አግድም መቅበር፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ደግሞ ሳይክል አለማስገባት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የእግር ወቅት ይሁን፤ ሳይክሉ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

መንገዱን ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ግን ከጎኑ ባለው ዳገት ላይ የቆመው ዛፍ ነው። በግሌንዉድ እ.ኤ.አ. በ2020 የተነሣው የደን ቃጠሎ ከ13 ሺህ ሄክታር በላይ በላ። በቀጣዩ ሐምሌ ዝናብ ሲመጣ የተራቆተው ዳገት ድንጋይና ጭቃ ሆኖ ወረደ፤ ዋናውን ጎዳና ለሁለት ሳምንት ያህል፣ የሳይክሉንም መንገድ አብሮ ዘጋ። በጅማ ዙሪያ ዳገቱን ይዞ ያለው የቡናው ጥላ ዛፍ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የበለጤ ደን ነዋሪው በአሳታፊ ደን አስተዳደር የሚጠብቀው ነው፤ ከበለጤና ጌራ ደን የሚሰበሰበው ቡናም ለዚህ ጥበቃ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝቷል። እዚያ በእግሩ ወይም በሳይክል የሚገባ ቤተሰብ ያለው በሰው ማሳ ውስጥ መሆኑን ይወቅ። በተለይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና የያዘ ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲመጣ፣ የመንገዱ ባለቤት እሱ ነው።

ለመጀመሪያ ጉዞ ከቦሳ ኪቶ ወገን የሚነሣ ቤተሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጠዋቱ ፀሐይ ሳትበረታ ረግረጉን በዳር በኩል መከተል በቂ ነው። ዕድለኛ የሆነ ቤተሰብ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የሚመስል ላባ ያለውን ጥቁሩን ረጅም ወፍ ያያል፤ በዓለም ላይ ቁጥሩ እየቀነሰ ያለ ወፍ ሲሆን በጅማ አካባቢ ረግረጎች ይራባል። ወደ ቦዬ የሚዘልቅ ሰው ግን ውሃው የጉማሬ መኖሪያ መሆኑን አይርሳ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣልና አመሻሽ ላይ ልጅ ይዞ እዚያ መገኘት አይገባም። ከቤት ሲወጣ ውሃ፣ ለልጆች ሄልሜት፣ ፓምፕና አንድ ትርፍ ከመነዳሪ መያዝ ይገባል፤ ጎሚስታ ያለው ከተማ ውስጥ ነው።

በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ሌሎች ከተሞች ሲሰፋ ጅማም ተራዋ ደርሷል፤ የእግረኛና የሳይክል መንገድ ዛሬ በከተማዋ የሚወራ ጉዳይ ሆኗል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ግን የጋራ መንገድ የሚለካው በውበቱ ወይም በመብራቱ አይደለም፤ ከሁሉ ዘገምተኛ የሆነው ሰው በምቾት ይሄድበታል ወይ በሚለው ነው። ሰው በሚበዛበት ከተማ ከ3 ሜትር የጠበበ መንገድ እግረኛንና ሳይክልን በአንድነት አይችልም፤ እንዲያ ከሆነ ሳይክሉ ለብቻው ይለይ። በውሃው ዳር የሚያልፈው ክፍል ሁሉ በሲሚንቶ አይሸፈን፤ ጨፌው ውሃውን ካልጠጣው ከተማው ይጠጣዋል። ጡብ ሠሪውም፣ ከብት ያለውም፣ እንጨት የምትሸከመዋም ከመንገዱ እንዳይባረሩ ከዕቅዱ ጀምሮ ይጠየቁ። የቦሳ ኪቶና የአካባቢው ወላጆች፣ ዕቅዱ ሲቀርብ ስብሰባው ላይ ተገኙ፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ።