በሶው የጾም ነው፣ ግሉተን ግን አለው

ደባርቅ ላይ ለሦስትና ለአራት ቀን ተራራ የሚወጣ እንግዳ ስንቅ ሲሸምት ሱቁ የሚያቀርብለት ብዙውን ጊዜ ብስኩት፣ ከረሜላና ለውዝ ነው። ፈረንጆቹ «ስናክ ባር» የሚሉት፣ ኪስ ውስጥ ተከትቶ እየተራመዱ የሚገመጠው ነገር ከተገኘም ከውጭ ታሽጎ የመጣ ነው፤ ዋጋውም አይቀመስም።

ሐሳቡ ግን ለደጋ ሰው አዲስ አይደለም። በሶ ምንድን ነው ታዲያ? ገብሱ ይቆላል፣ ይሸከሸካል፣ ይፈጫል፤ መንገደኛው በጥቂት ውሃ ለውሶ፣ በእጁ ጨብጦ ይጎርሰዋል። እሳት አያስፈልገው፣ አይበላሽ፣ ሸክሙ ቀላል። ኑግ ተቆልቶ ከቆሎ ጋር ሲወቀጥማ ዘይቱ ራሱ እህሉን ያያይዘዋል፤ ልጆች የሚሻሙበት ልጥልጥ ማለት ይኸው ነው። ቅርጽ ሰጥታችሁ ወረቀት ብትጠቀልሉበት ከሱፐርማርኬቱ ባር በምን ያንሳል?

ዛሬ ግን ገዢው ሁለት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ቪጋን ነው? ግሉተን ፍሪ ነው?

የመጀመሪያው ለእኛ ቀላል ነው። በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም አገር ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ማብሰልን ማንም እንዲያስተምረው አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ማር። ማር በእኛ ዘንድ የጾም ነው፤ ቪጋኑ ግን ንብም እንስሳ ናት ብሎ አይነካውም። ስለዚህ «የጾም ነው» ስትሉት «ማር አለበት?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትሳቁበት።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው ችግሩ ያለው። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ደባርቅና ዳባት ደግሞ የገብስ አገር ናቸው። በሶው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ጠላው ገብስ። «የእኛ ምግብ ተፈጥሯዊ ነው፣ ግሉተን የለውም» የሚለው በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዞር ወሬ ለጤፍ እውነት ነው፤ ለበሶ ግን ፍጹም ስሕተት ነው። እንጀራም ቢሆን ደጋው ላይ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይጠይቁ ማለፍ አይቻልም።

ግሉተንን ለፋሽን የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ እሱ በስሕተት አንድ ጉርሻ በሶ ቢበላ ምንም አይሆንም። ሴሊያክ የሚባለው በሽታ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ግሉተን ሲገባ ሰውነቱ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ ማስመለስ፣ ድካም ይከተላል። ይህ ግጭ ካምፕ ላይ፣ ከ3,500 ሜትር በላይ፣ መኪና በሌለበት ቦታ ሲደርስ አስቡት። ማስመለሱና ድካሙ የከፍታ ሕመምን ስለሚመስል አስጎብኚውም ይደናገራል። (በነገራችን ላይ፣ ሴሊያክ አለብኝ ብሎ የሚጠረጥር ሰው ምርመራው ሳያልቅ ስንዴና ገብስ ማቆም የለበትም፤ ካቆመ ምርመራው ላያሳየው ይችላል።)

ታዲያ በምን እንሥራው? መልሱ ሩቅ አይደለም። ከደባርቅ ሊማሊሞን ተጠማዝዛችሁ ስትወርዱ፣ በድብ ባሕርና በዛሪማ በኩል አየሩ ይሞቃል፤ ገብሱ ይቀርና ማሽላና ጤፍ ይመጣል። ሁለቱም ግሉተን የላቸውም። ሽምብራ ከደምቢያ፣ ሰሊጥ ከመተማና ከሁመራ በኩል ይመጣል። እነሱም የላቸውም።

ለአሥራ ሁለት ያህል ቁራጭ፦ ፍሬው የወጣ ተምር አንድ ብርጭቆ ተኩል፣ ተቆልቶ የተከካ ሽምብራ አንድ ብርጭቆ፣ የተቆላ ሰሊጥ ግማሽ፣ የተቆላ ለውዝ ግማሽ፣ የተቆላ ኑግ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው ቁንጥር። የማሽላ ፈንዲሻ ካገኛችሁ አንድ እፍኝ ጨምሩበት፤ ባሩን ቀለል ያደርገዋል። ተምሩን ለብ ባለ ውሃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ፣ ውሃውን በደንብ አጥልላችሁ በሙቀጫ ውቀጡት። እንደ ሊጥ ሲያያዝ ደረቁን ጨምራችሁ በእጅ እሹት። ላስቲክ በተነጠፈበት ትሪ ላይ አድርጋችሁ በጠርሙስ ዳምጡት፣ በደንብ ተጫኑት። የደባርቅ ብርድ ፍሪጅ ነውና አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት በቢላ ቁረጡት። ሳይጫኑት የተቆረጠ ባር ተራራ ላይ ኪስ ውስጥ ቆሎ ይሆናል።

ተምር ከተወደደ የስኳር ሽሮፕ ይሠራል፤ እዚህ ላይ ግን ዩቲዩብ ያሳስታችኋል። ቪዲዮው «120 ዲግሪ ሲደርስ አውጡት» ይላል። ያ ለባሕር ጠረፍ ሰው ነው። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሽሮፑም እንደዚያው አሥር ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይደርሳል። 120ን ስትጠብቁ ጥርስ የሚሰብር ከረሜላ ይሆንባችኋል። ቴርሞሜትሩን ተዉትና ጠብታ በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣሉ፦ በጣት ሲጫኑት ጠንከር ብሎ ግን የሚታዘዝ ድቡልቡል ከሆነ ደርሷል። ይህ ዘዴ ከፍታ አይመርጥም።

ከአሠራሩ ይልቅ የሚከብደው ንጽሕናው ነው። ንጽሕና ስል እጅ መታጠብን አይደለም፤ እሱማ ግድ ነው። «ግሉተን ፍሪ» ለመባል ዓለም አቀፉ መስፈርት በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ግሉተን ነው። ቁንጥር እንኳ አይሞላም። ሰፈር ወፍጮ ቤት ከእናንተ በፊት የአንዷን እናት ስንዴ ፈጭቶ ከሆነ ዱቄታችሁ አለቀለት። ገበያ ላይ ያለው የሽምብራ ቆሎም ገብስ በተቆላበት ምጣድ ላይ የተቆላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሽምብራውን በጥሬው ግዙት፣ ልቀሙት (የስንዴ ፍሬ እንደማይጠፋበት አትጠራጠሩ)፣ እጠቡት፣ ለዚህ ብቻ በለያችሁት ብረት ምጣድ ቁሉት፣ ሌላ እህል በማያውቅ ሙቀጫ ከክኩት። ወፍጮ ቤት አትውሰዱት። ሰፌዱንና ወንፊቱንም ለዩ።

ይህን ያህል ጣጣ ለምን ቢባል፣ ገበያ ስላለው ነው። በጦርነቱና በጸጥታው ችግር የስሜን ቱሪስት ቀንሷል፤ የቀረው እንግዳ ግን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አሁንም ይጠይቃል። ቤታቸው ተቀምጠው ሥራ የሚፈልጉ የደባርቅ ልጆች በአንድ ምጣድ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገር ነው።

ለመሸጥ ካሰባችሁ ግን ወረቀቱ ላይ የምትጽፉትን ምረጡ። ላቦራቶሪ ሳያስመረምሩ «ግሉተን ፍሪ» ብሎ መጻፍ ልክ አይመስለኝም። «ስንዴና ገብስ አልገባበትም፣ ቤት ውስጥ የተሠራ» በሉ፤ ሴሊያክ ያለበት ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፣ ራሱ ይወስናል። ከሥር ደግሞ ለውዝና ሰሊጥ እንዳለበት በጉልህ ጻፉ፣ እነሱም የሚያስቆጡት ሰው አለና።