በጓሮ ኩሬ ውስጥ የሚገኙ እጮችንና ጥቃቅን ፍጥረታትን ለይቶ ስለ ማወቅ

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በብዙ የአገራችን ወረዳዎች በየገበሬው ጓሮ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ተቆፍረዋል። ኩሬው አትክልት ያጠጣል፣ ከብት ያረካል። ነገር ግን ውኃ ከተጠራቀመ ፍጥረት ይገባበታል። የልማት ሠራተኛው «ይህ ትል ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ለይቶ መመለስ ይኖርበታል።

በአንድ የመስክ ጉብኝት ወቅት አንድ የማኅበር አባል በኩሬው ጭቃ ላይ ቀያይ ትሎችን አይቶ የተባይ መድኃኒት ሊረጭ ተዘጋጅቶ አገኘነው። ቀያዮቹ ጉዳት የሌላቸው ነበሩ። በዳር ካለው ሣር ሥር በጭልፋ ስንቀዳ ግን የወባ ትንኝ እጭ ወጣ። የፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ነበር።

አመራመር

ነጭ ሳህንና ጭልፋ ያዙ። ጥላችሁ ውኃው ላይ እንዳያርፍ ፊታችሁን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ ቅረቡ፤ እጮች ጥላ ሲያዩ ይሰምጣሉና። ከዳርና ከሣር ሥር ዐሥር ጊዜ ያህል ቅዱ። በሳህኑ ገልብጣችሁ ውኃው እስኪረጋ ጠብቁ።

አለያየት

1. የወባ ትንኝ እጭ፦ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ይተኛል፤ የመተንፈሻ ቱቦ የለውም።

2. የሌላ ትንኝ እጭ፦ ራሱን ወደ ታች ዘቅዝቆ በጅራቱ ቱቦ ይንጠለጠላል። ወባ ባያስተላልፍም አዋቂው ይናከሳል። የሁለቱም ቀጣይ ደረጃ ራሱ ትልቅ፣ ጅራቱ የተቆለመመ ነው።

3. ቀይ ትል፦ በጭቃ ውስጥ ይኖራል። የማይናከስ ትንኝ መሰል ነፍሳት እጭ ነው። ለዓሣ ምግብ ይሆናል።

4. የውኃ ተርብ እጭና የውኃ ጥንዚዛ፦ ስድስት እግር አላቸው፤ የትንኝ እጭ ይበላሉ። ወዳጆች ናቸው።

5. የሚዘሉ ነጫጭ ነጥቦች፦ የውኃ ቁንጫና ዘመዶቹ ናቸው። በአብዛኛው ጉዳት የላቸውም። ሆኖም ከነዚህ ዘመዶች አንዳንዶቹ የጊኒ ዎርም ተሸካሚዎች ስለሆኑ በጋምቤላ ክልል የኩሬ ውኃ ሳይጣራ አይጠጣም።

6. ቀንድ አውጣ፦ ዛጎሉ ጠፍጣፋ የተጠቀለለው የቢልሃርዝያ፣ ሾጣጣ ጫፍ ያለው ደግሞ የከብት ጉበት ትል አስተላላፊ ሊሆን ስለሚችል በባዶ እግር አይገባም።

7. አልቅት፦ የሚጠጣውን ከብት በአፍና በአፍንጫው ገብቶ ይጣበቃል። ከብቱ ከኩሬው ሳይሆን ከገንዳ ይጠጣ።

ምን ይደረግ?

የትንኝ እጭ በሞቃት አካባቢ ከእንቁላል እስከ አዋቂ ለመድረስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃዋል። ስለዚህ ምርመራው በየሳምንቱ ይሁን። የዳር ሣር ይታጨድ፤ ከኩሬው ዙሪያ የተንጠባጠበና ያቆረ ውኃ ይደርቅ። ውኃው ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ከሆነ ቆሮሶ ዓሣ ማስገባት ይቻላል።

የተባይ መድኃኒት ወደ ኩሬ አይጨመር። ተርቡን፣ ጥንዚዛውንና ዓሣውን አብሮ ይገድላል፤ ትንኙ ግን ቶሎ ተመልሶ ይራባል። በዚያ ውኃ የሚጠጣው ጎመንና ከብትም ይመረዛል።

ኩሬ ብቻም አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በበርሜልና በውኃ ጋን ውስጥ ይራባል። ስለዚህ የቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ይከደን፤ ምርመራውም እስከ በርሜሉ ይድረስ።

እያንዳንዱ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሳህንና ጭልፋ የሚይዝ አንድ አባል ቢመድብ፣ የጎረቤት ኩሬ ሁሉ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታያል። ኩሬው የተቆፈረው ለልማት ነው፤ የበሽታ ምንጭ እንዳይሆን መጠበቅም የባለቤቱ ሥራ ነው።