የሸረሪቷ ቀለም በማን ዐይን?
ነጭ አበባ ላይ ነጭ ሸረሪት ስናይ «ተደበቀች» እንላለን። እኔ ግን «ከማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። በአውስትራሊያ የምትገኘው ቶሚሰስ ስፔክታቢሊስ ድር ዘርግታ አታድንም፤ አበባ ላይ አድፍጣ ንብ ትጠብቃለች። ለእኛ ዐይን ከአበባው አትለይም። ንብ ግን እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ታያለች፤ ሸረሪቷም ይህንኑ ብርሃን አብዝታ ስለምታንጸባርቅ ከነጩ አበባ ጎልታ ትታያታለች። እነ አስትሪድ ሃይሊንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የማር ንቦች ሸረሪት ያለበትን አበባ ከባዶው አብልጠው ይመርጡ እንደነበር አሳይተዋል። እንግዲህ ይህ ቀለም መደበቂያ ሳይሆን ማባበያ ነው። የማር ንብ ወደዚያ አገር የገባችው ከአውሮፓ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንድ የአገሩ ንብ ዝርያ ግን ወደዚያው አበባ ቢሳብም ማረፉን ይሸሻል፤ ከአዳኟ ጋር የኖረበት ረጅም ዘመን ያስጠነቀቀው ይመስለኛል።