አደንጓሬው ለምን አላበበም? የጥራጥሬ አበባ ተረትና እውነታ

አዲስ አበባ፣ ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር አጥሩ ላይ አደንጓሬ ያወጣ ሰው፣ ሐረጉ ለምልሞ አበባ እንቢ ካለው ምክንያት የሚነግረው ጎረቤት አያጣም። «ዘሩ መሃን ነው»፣ «ዐይን በልቶት ነው»፣ «አፈሩ ወፍሮበት ነው» ይባላል። የአፈሩ ነገር እውነት አለው፤ ማዳበሪያ ሲበዛ ቅጠል ይበረታል። የአበባን ጊዜ በመወሰን ረገድ ግን ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ብርሃንና ብርሃኑን የሚያነቡ ጂኖች ናቸው። ይህን ማወቅ ደህና ዘር ያለ ጥፋቱ እንዳይጣል ይረዳል።

ተረት፦ ተክል ዕድሜው ሲሞላ ያብባል።

እውነታ፦ ዕድሜ ብቻውን አይወስንም። አሜሪካውያኑ ጋርነርና አላርድ ቢሎክሲ የተባለ አኩሪ አተር በተለያየ ጊዜ እያከታተሉ ዘሩ። ቀድሞ የተዘራውም ዘግይቶ የተዘራውም ያበበው ቀኑ ሲያጥር፣ በተቀራራቢ ጊዜ ነበር። ግኝታቸውን እ.ኤ.አ. በ1920 አሳተሙ። አኩሪ አተርና አንዳንድ ተጠማጣሚ አደንጓሬዎች አጭር ቀን ይጠብቃሉ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ሽምብራ ደግሞ ቀኑ ሲረዝም ይፈጥናሉ።

ተረት፦ የማታ መብራት ለተክል ምኑም አይደለም።

እውነታ፦ አጭር ቀን ጠባቂ ተክል በዋናነት የሚለካው የጨለማውን ርዝመት ነው። ሐምነርና ቦነር እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳሳዩት፣ ረጅሙ ሌሊት መሐል ላይ ለአጭር ጊዜ ብርሃን ሲበራበት እንዲህ ያለው ተክል ሳያብብ ይቀራል። በአሜሪካ የመንገድ መብራት ሥር ያለ አኩሪ አተር የቀረው ማሳ ደርሶ ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ስለዚህ የግቢ ወይም የመንገድ መብራት እስኪነጋ የሚያርፍበት አደንጓሬ ቢዘገይ አይገርምም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከዚያው ዘር ጥቂት ፍሬ መብራት በማይደርስበት ጥግ ዘርቶ ሁለቱን ማወዳደር።

ተረት፦ ብርሃን ያው ብርሃን ነው፤ ዋናው ድምቀቱ ነው።

እውነታ፦ ቀለሙም ይቆጠራል። ቅጠል ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን አለ። 660 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ቀይ ብርሃን ያነቃዋል፤ 730 አካባቢ ያለው፣ ለዐይናችን እምብዛም የማይታየው ሩቅ ቀይ መልሶ ያስተኛዋል። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ይመጥና ሩቅ ቀዩን ያሳልፋል። ተጠጋግቶ የተዘራ ተክል በዚህ ምልክት ጎረቤት እንደበዛበት ያውቃል፤ ሽቅብ ይሳባል፣ ብዙ ጊዜም አበባውን ያፋጥናል። የምዕራብ አውስትራሊያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ሩቅ ቀይ የበዛበትን ብርሃን ጥራጥሬ ፈጥኖ እንዲያብብ ለማድረግ ተጠቅመውበታል።

የአምፖል ዓይነት እንኳ ለውጥ ያመጣል። ባለ ክሩ የድሮ አምፖል ሩቅ ቀይ ይበዛዋል፤ ፍሎረሰንት ግን ያንሰዋል። የአኩሪ አተር ቀን በፍሎረሰንት ሲረዝም አበባውን በዋናነት የሚያዘገየው ኢ3 የተባለው ጂን ነው፤ በባለ ክሩ አምፖል ሲረዝም ደግሞ ኢ4። ሁለቱም ፋይቶክሮም የሚሠሩ ጂኖች መሆናቸው ኋላ ላይ ታወቀ። በአደንጓሬና በቦሎቄም የዚሁ ቤተሰብ ጂን ሥራውን ሲያቆም ተክሉ አጭር ቀን መጠበቁን ይተዋል። ሰብሉ ከሞቃታማው አሜሪካ ወጥቶ ቀኑ ረጅም በሆነበት አገር የለመደው በዚህ ነው።

ተረት፦ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የቀን ርዝመት አይመለከተንም።

እውነታ፦ አዲስ አበባ ላይ የሰኔው ረጅም ቀን ከታኅሣሡ አጭር ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚሁ ላይ ነው። ከሰሜን አገር የመጣ አኩሪ አተር እዚህ ዓመቱን ሙሉ አጭር ቀን ስለሚያገኝ ቁመቱ ሳይበቃ ያብባል፤ ፍሬውም ያንሳል። ለሞቃታማ አገር የተመቹ ዝርያዎች የተገኙት ጄ የተባለው ጂን ሥራው በቀነሰባቸው ተክሎች ነው፤ እነዚህ ሳይቸኩሉ ያድጋሉ።

የዚህ ጂን ዘመዶች በአተር፣ በምስርና በሽምብራም አሉ፤ እዚያ ግን ሲደክሙ አበባው ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። እነዚህ ረጅም ቀን ወዳዶች ስለሆኑ የጂኑ መድከም ከጥበቃው ያወጣቸዋል። ለእኛ ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሽምብራ መረሬ መሬት ላይ የሚዘራው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ቀኑ እያጠረ እያለ ማበብ፣ የአፈሩ እርጥበት ሳያልቅም ፍሬ መቋጠር አለበት። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በላሊበላ ዋሻ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ የሆነው የሽምብራ ፍሬ ተገኝቷል። ያን ያህል ዘመን ገበሬዎቻችን ለወቅቱ የሚስማማውን ዘር ሲመርጡ ኖረዋል።

ተረት፦ ቶሎ የሚያብብ ዘር ሁልጊዜ ይሻላል።

እውነታ፦ እርጥበቱ አጭር በሆነበት ይሻላል። ዝናቡ በሚረዝምበት ቦታ ግን ግንዱ ሳይጠነክር ያበበ ተክል ምርቱ ይቀንሳል፤ በደጋም አበባው ከውርጭ ጋር ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ዘር ሲገዛ «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ለየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ወር ለመዝራት እንደተመረጠ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለሽምብራና ለምስር የቢሾፍቱ (ደብረ ዘይት)፣ ለባቄላና ለአተር የሆለታ፣ ለቦሎቄ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከላት ዝርያዎችን የሚለቁት ከነሚስማማቸው አካባቢ ነው። አጥሩ ላይ ያላበበውን አደንጓሬ ከመንቀል በፊትም ሌሊቱን መብራት ያርፍበት እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው።