ሲኩዌንሰሩ ሲያነክስ

ሙግ 960 የሚባለው ሲኩዌንሰር ፊቱ ላይ ስምንት ትንንሽ መብራቶች ተደርድረውበታል። ሲነሳ አንደኛው በርቶ ይጠፋል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ስምንተኛው ጋ ሲደርስ ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። በየመብራቱ ሥር ሦስት ሦስት ማዞሪያ አለ። ከማዞሪያው የሚወጣው ቮልቴጅ ነው፤ በኬብል ወደ ድምፅ አመንጪው ኦሲሌተር ሲገባ አንድ ቮልት በጨመረ ቁጥር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል። ተጫዋቹ የአንዱን ረድፍ ስምንት ማዞሪያዎች አስተካክሎ ቢተኛ እንኳ ማሽኑ ያችኑ ስምንት ኖታ ሲያመላልስ ያድራል።

ሲኩዌንሰር መጀመሪያም የተፈለገው ለዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሞርተን ሱቦትኒክና ራሞን ሴንደር የድምፅ ቴፕ በምላጭ እየቆረጡ፣ ቁርጥራጩን እየቀጠሉ ሙዚቃ ይሠሩ ነበር። ሥራው እጅ ያዝላል። ከሮክፌለር ፋውንዴሽን ካገኙት ገንዘብ 500 ዶላር ለመሣሪያ ሠሪው ዶን ቡክላ ሰጥተው መሣሪያ እንዲሠራላቸው ጠየቁት። ቡክላ ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ሲኩዌንሰር ነበር፤ በምላጭ ሲቀጠል የሚውለውን የኖታ ሰልፍ በኤሌክትሪክ የሚያስኬድ። ለመሣሪያው የፒያኖ ዓይነት ቁልፎች ግን አላደረገለትም።

መደጋገሙ በራሱ ነውር የለበትም። ክራር መቺም አንዲት ሐረግ ይዞ ሲመላለስባት ያመሻል። ነገር ግን የክራር መቺው አሥረኛ ዙር ከዘጠነኛው በፀጉር ስንጥቅ ያህል ይዘገያል ወይም ይቀድማል፤ ጆሮም የሚንጠለጠለው በዚያች ስንጥቅ ላይ ነው። ሲኩዌንሰሩ ስንጥቅ የለውም። ይኼንኑ ግትርነት ወድደው የተጠቀሙበት አሉ፦ ጆርጅዮ ሞሮደር እ.ኤ.አ. በ1977 ለዶና ሰመር «አይ ፊል ላቭ»ን ሲሠራ የሙጉን ድርቅና የዳንሱ ጌታ አድርጎታል። ሁሉም ሞሮደር ልሁን ሲል ግን ይሰለቻል።

መፍትሔው ማሽኑ ውስጥ ተደብቆ ነው ያለው። ሲኩዌንሰር ጊዜ አይቆጥርም። የኤሌክትሪክ ትርታ በደረሰው ቁጥር አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ በቃ። ትርታው ከየት እንደመጣ፣ ዘግይቶ ይሁን ተቻኩሎ አይጠይቅም። ሞዱላር ሲንተሳይዘር ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ በኬብል የሚወሰንበት የሣጥኖች ስብስብ ስለሆነ፣ ትርታውን የሚልከውን ክፍል መንካት ይቻላል። ብዙ ጀማሪዎች ሙዚቃው ሲደርቅባቸው ኖታ ሲቀያይሩ ይውላሉ። እኔ ኖታውን ተዉት፣ ትርታውን ነካኩት ባይ ነኝ።

960 ላይ ሦስተኛውን የማዞሪያ ረድፍ ለጊዜ የሚያውል ስዊች አለ። እሱ ሲከፈት የረድፉ ማዞሪያዎች እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል እንደሚቆይ ይወስናሉ። ሦስተኛው መብራት ትንሽ ይቆያል፣ አራተኛው ለመድረስ ይሮጣል፣ ስምንተኛው ላይ እንደ መሰናከል ይላል። ኖታዎቹ ያው ናቸው፤ ዜማው ግን አንድ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ይመስላል።

በየእርምጃው ደግሞ ባለ ሦስት ቦታ ስዊች አለ፦ ሂድ፣ ዝለል፣ ቁም። አምስተኛውን «ዝለል» ላይ ሲያደርጉት ዜማው ሰባት እርምጃ ይቀረዋል። ከበሮው በስምንት እየዞረ ከሆነ ሁለቱ እየተላለፉ ይሄዱና እኩል «አንድ» የሚሉት ከ56 እርምጃ በኋላ ነው። በደቂቃ 120 ምት፣ በየምቱ አራት እርምጃ ካልን፣ ሰባት ሴኮንድ መሆኑ ነው። 16 እና 15 ቢሆኑ 240 እርምጃ ወይም ግማሽ ደቂቃ ይፈጃል። እንዲህ ያለው መጠላለፍ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ የችክችካውን ስድስት ሦስት ሁለት ጊዜ ወይም ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጎ ማጨብጨብ የማይችል ሰርግ ቤት የለም። በነገራችን ላይ፣ ኪቦርድ ላይ ተሞልቶ የሚመጣው ችክችካ የሚደርቅብን ስድስቱ ጠፍቶበት ሳይሆን ስንጥቁ ጠፍቶበት ነው።

ሌላው መንገድ ስዊንግ ነው። ሮጀር ሊን የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው አካይ ኤምፒሲ60 የተባለው የከበሮ ማሽን ዝነኛ አደረገው፤ ጥንድ ጥንድ ከሆኑት አጫጭር ምቶች ሁለተኛውን ማዘግየት ነው። በ120 ፍጥነት ጥንዱ 250 ሚሊሴኮንድ ይወስዳል። እኩል ሲካፈሉ 125 ለ125፤ ስዊንጉ 66 በመቶ ላይ ሲሆን 165 ለ85። ደስ ይላል፣ ግን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ማነከስም ያው ሌላ ግትርነት ነው።

ስለዚህ አንዳንዶች ትርታውን ለዕድል ይሰጡታል። ቡክላ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «ሶርስ ኦቭ አንሰርተንቲ» የሚባል፣ ያልተጠበቀ ቮልቴጅ የሚተፋ ሣጥን ሠርቷል። የኤሚሊ ዢሌ «ማርብልስ» የተባለው ሣጥን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ለትርታው መንቀጥቀጥ ራሱን የቻለ ማዞሪያ አለው። «ዴዣ ቩ» የሚባለው ሌላው ማዞሪያ መሐል ላይ ሲቆም ዕድሉ ያወጣው ሁሉ ተይዞ ይደጋገማል፤ ወደ ግራ ሲገፋ ደግሞ ቀስ በቀስ ይረሳል። በእኔ ግምት የማሽኑ ብልሃት መንቀጥቀጡ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ የሚነዋወጥ ነገር ብቻውን ጫጫታ ነው፣ ከፊሉ ሲታወስ ግን ዜማ ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ዋናው ትርታ ቢወዛወዝ ሁሉም ነገር አብሮ ይወዛወዛል፤ አድማጩ የሚሰማው ማሽኑ ሲፈጥንና ሲዘገይ ብቻ ነው። አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ትልቁ ከበሮ፣ ከሌላ ትርታ ሰጪ ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት።

ይኼን ካደረጉ በኋላ የምወዳት ሙከራ አለች። ከዜማው ረድፍ ቮልቴጅ ቅርንጫፍ ወስዶ ትርታ ሰጪውን ወደሚቆጣጠረው ቀዳዳ መሰካት ነው። አሁን ከፍ ያለ ኖታ ሲመጣ እርምጃው ይፈጥናል፣ ዝቅ ያለው ላይ ይንዛዛል። አራተኛውን ማዞሪያ ኖታ ለማረም ብለው ትንሽ ሲያነሱት፣ አምስተኛው መብራት ከወትሮው ቀድሞ ይበራል፣ የተከተሉትም ሁሉ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፤ ትልቁ ከበሮ ግን ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ መንገድ ይቀጥላል።